ውሃው መጨረሻው ሰው ዘንድ ደረሰ ወይ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ በአልትሽቴተን፣ ዙሪክ፣ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. የቀረበ ንግግር)

የተሰጠኝ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ከጓዳ የሚመጣው የዶሮ ወጥ ሽታ ደግሞ ከሰብሳቢያችን የበለጠ ሰዓት እንደሚያስከብረኝ ገብቶኛል።

ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እናታችን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ዶክተር ነህ ይሉኛል፤ የምን ሐኪም ነህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሐኪም እንኳ አይደለሁም እማማ፤ የሒሳብ ዶክተር ነኝ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሒሳብን ደግሞ ምን አመመው?» አሉ። አጠገባችን የነበሩ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። እኚህ እናት ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ናቸው፤ መዋጯቸውን አንድም ወር አጓድለው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው «ይህ ነገር ለአገራችን ምን ያደርጋል?» ብሎ ሲጠይቅ ቀልድ መስሎ አይታለፍም።

ዘንድሮ መልስ የምሰጥበት ምክንያት ተጨምሯል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ከምንሰጥባቸው ሦስት ሐሳቦች አንዱን ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሁለቱ የትምህርት ቤት ዴስክና የጤና ጣቢያ ዕቃ ናቸው፤ ሁለቱም ማንም ሰው በቀላሉ የሚረዳቸው ናቸው። የእኔው ግን ከሒሳብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አስቀድሜ ሥራዬን ላስረዳችሁ።

ሥራዬ ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ ያለን ነገር ውሱን ሲሆን እንዴት ብናከፋፍለው ይሻላል የሚለው ነው፤ ፈረንጆቹ ኦፕቲማይዜሽን ይሉታል። ሁለተኛው፣ ያሰብነው ነገር በዝናብ፣ በሙቀት፣ በሰው ፀባይ ሲናወጥ መንገዱን ሳይስት እንዴት እንይዘዋለን የሚለው ነው፤ ይህ ቁጥጥር ይባላል። ሁለተኛውን እናቶቻችን ከእኔ በፊት ያውቁታል። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱ ላይ ሊጡን አዙራ ዓይን ማውጣቱን ታያለች፤ ዓይኑ ካነሰ እንጨት ትጨምራለች፣ ጠርዙ መድረቅ ከጀመረ እንጨቱን ጎትታ ታወጣለች። አየች፣ ካሰበችው ጋር አስተያየች፣ አስተካከለች፣ እንደገና አየች። ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው። የጨረቃ መንኮራኩርም ሆነ አውሮፕላን የሚሄደው በዚሁ ዙር ነው። ልዩነቱ ዓይንን የሚተካው መሣሪያ፣ እጅን የሚተካው ሞተር፣ ልምድን የሚተካው ቀመር መሆኑ ነው።

የጄኔቫ ሰዎች አንድ ነገር አታውቁ ይሆናል። ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ሁላችሁም ፎቶ የምትነሱት ከሐይቁ ወደ ሰማይ በሚወረወረው ውሃ ፊት ነው። ያ ውሃ ሲጀመር ለጌጥ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1886 ከተማዋ የሮንን ወንዝ ውሃ በግፊት በቧንቧ እየላከች የእጅ ባለሙያዎችን ማሽኖች ታንቀሳቅስ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ማታ ነው። ባለሙያዎቹ ሥራ ጨርሰው ማሽናቸውን ሲዘጉ የቧንቧው ግፊት በድንገት ያሻቅባል፤ የኃይል ጣቢያው ሠራተኞችም ፓምፖቹን ለማቆም ይሯሯጣሉ። ማን መቼ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በኋላ ትርፉ ግፊት በራሱ ጊዜ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ተበጀ፤ ውሃውም ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ በዚያን ጊዜ 30 ሜትር ያህል ነበር። በ1891 ለጌጥ ተብሎ ወደ ሐይቁ ዳር ተዛወረ፤ ዛሬ 140 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በሠርግ ፎቷችሁ ላይ ከኋላችሁ የቆመው የቁጥጥር ችግር መፍትሔ ነው።

የዙሪኮች እንዳትቀየሙ የኛንም ልንገራችሁ። ከዚህ አዳራሽ በእግር የሚደረስበት ሌትሲግሩንድ ስታዲየም የእኛ ሰው ታሪክ የሠራበት ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 1995 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ44.39 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ወደ 11 ሰከንድ በሚጠጋ ጊዜ አሻሻለው። አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው፤ ስታካፍሉት ለአንድ ዙር 61 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ጆሴፍ ኬለር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ «አንድ ሯጭ ያለውን ጉልበት በውድድሩ ላይ እንዴት ቢያከፋፍለው ፈጥኖ ይገባል?» ብሎ አስልቶ ነበር። መልሱ እንዲህ ነው፦ ሩጫው ከ291 ሜትር ካነሰ እስከ መጨረሻው ባለህ ኃይል ሩጥ፤ ከዚያ ከረዘመ ግን ከመነሻውና ከመድረሻው ጥቂት ሰከንዶች በቀር ፍጥነትህን አንድ ዓይነት አድርገህ ያዝ። ኃይሌ ይህን ከኬለር አልተማረም። ቢሆንም ጉልበትን ማከፋፈል ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን፣ በእርሳስና በወረቀትም ሊደረስበት እንደሚችል ያሳያል። (የመጨረሻው ዙር ላይ የእኛ ልጆች የሚያደርጉትን ግን የኬለር ቀመር አላስረዳውም። ቀመሩ ጎን ለጎን የሚሮጥ ተቀናቃኝ የለውም።)

ስለራሴ አጭር ነገር ልበል፤ ከሐሳቤ ጋር ስለሚገናኝ ነው። እኔ ሒሳብን መርጬ አልገባሁም። ምሕንድስና ሞልቼ በምደባ ሒሳብ ደረሰኝ። አባቴ ሰምቶ ዝም አለ፤ እናቴ ያለቀሰችው ለቅሶ ግን ዘመድ የሞተባት ያስመስላት ነበር። በአገራችን ሒሳብ ሌላ ያላገኘ ሰው የሚገባበት ክፍል ተደርጎ መታየቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ ክፍል ለመቀየር ስለምን ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ መምህር ሰሌዳው ላይ የጻፈው አጭር ችግር ነው፤ ውሱን ማዳበሪያ ለሦስት ማሳ ማከፋፈል። እኔ ያደግሁት ይህንኑ ችግር አባቴ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስል እያየሁ ነው። በሒሳብ ስም ያለው ነገር እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ወደ ስዊዘርላንድ ስመጣ ደግሞ የሙያዬ ትልቅ ሰው ሲያስተምርበት የኖረው እዚሁ ዙሪክ መሆኑን አየሁ። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1930 ቡዳፔስት ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1960 ያሳተመው ጽሑፍ ስሙን ያስጠራውን ማጣሪያ የያዘ ነው። ጽሑፉን ያወጣው በራሱ በኤሌክትሪክ ሙያ መጽሔት ሳይሆን በመካኒካል መሐንዲሶች መጽሔት ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቹ በጥርጣሬ ያዩት ነበርና። ብዙም ሳይቆይ የናሳ ሰዎች ወሰዱትና ወደ ጨረቃ ለሚሄደው የአፖሎ መንኮራኩር መንገድ መፈለጊያ አደረጉት። ከ1973 እስከ 1997 በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ነበር። በ2016 አረፈ። ኪሳችሁ ያለው ስልክ የት እንደቆማችሁ ሲያሳያችሁ ከዚያ ጽሑፍ የተወለደ ስሌት ይጠቀማል። የማጣሪያውን ሐሳብ በኋላ እመለስበታለሁ፤ የዛሬው ጉዳዬ እምብርት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ልጆች ላላችሁ ወላጆች አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። በስዊዘርላንድ የፌዴራል ተቋማት ዶክትሬት የሚሠራ ሰው ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዝ ይከፈለዋል። ልጃችሁ ሒሳብ እወዳለሁ ካለ በገንዘብ ፍርሃት አታስቀሩት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ሁለት ዓመት እዚህ፣ ሦስት ዓመት እዚያ እያለ ቋሚ ቦታ ሳያገኝ አርባን የሚያልፍ ብዙ ነው። ይህንንም አልደብቃችሁም።

አሁን ወደ ውሃ እንሂድ።

የጄኔቫ ሐይቅ ልቅ አይደለም፤ ከፍታው ከተማዋ መሐል፣ ሮን ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ በበሮች ይያዛል። በ1870ዎቹ የላይኛው የቮ ካንቶን ሰዎች «ጄኔቫ ለራሷ ኃይል ብላ ውሃውን ስለምትገድበው እርሻችንና መንገዳችን ይጥለቀለቃል» ብለው ጄኔቫን ከሰሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1884 ጄኔቫ፣ ቮና ቫሌ ሐይቁ ከየትኛው ከፍታ እስከ የትኛው ከፍታ መያዝ እንዳለበት በስምምነት ጻፉ። ያ ስምምነት ሲሻሻል ኖሯል፤ የዛሬው የሴዤ ግድብ ከ1995 ጀምሮ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው በዚያ መሠረት ነው። ልብ በሉ፤ ማሽኑ የመጣው በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያ የተስማሙት ማን ምን ያህል ይድረሰው በሚለው ላይ ነበር።

ጣናም በር አለው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ የጨራጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ጀመረ፤ በ2001 በሮች ተጨመሩለት። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ ውሃ መልቀቅ ነበር። በ2003 ድርቅም ነበር፣ ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተለቀቀውም ብዙ ነበር፤ ሐይቁ በጣም ወርዶ ጀልባዎች እንደልብ መሄድ አቃታቸው፤ ውሃው የሸሸበትን መሬት ገበሬው አረሰው። ፏፏቴያችን የቀጠነበትንም ምክንያት ታውቁታላችሁ። በ2010 ደግሞ ውሃውን ተራራ ሥር በተቆፈረ መሿለኪያ ወደ በለስ የሚወስደው 460 ሜጋዋት የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። እኔ ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። በሩ ያው በር ነው፤ ጥያቄው ሲከፈት የማንን ጥቅም ይዞ ነው የሚለው ነው። ዓሣ አጥማጁም፣ ባለጀልባውም፣ ባለፋብሪካውም፣ ዳር ያለው አራሽም አንድ ሐይቅ ነው ያላቸው።

ከእኛው ቤት ቆጋን እንውሰድ። ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና እንደሚገባ የመራዊ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግድቡ ሲሞላ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ በዕቅድ ደግሞ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው የተሠራው። ዋናው ቦይ ሃያ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ስልካችሁን አውጡና አካፍሉ። ለአንድ ሄክታር 11,857 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በቃዳ ብንቆጥረው፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነውና፣ ለአንድ ቃዳ ወደ 3,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ወደ 15 ሺህ በርሜል ነው። ብዙ ነው! ማሳው ላይ ብታቆሙት ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ይኖረዋል።

እንግዲያስ ቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ለምን ሽንኩርቱ ይደርቅበታል? መጀመሪያ፣ ከግድቡ ሥር ያለው ውሃ ሁሉ አይወጣም፤ ፀሐይ ይጠጣል፤ ቦይ ያፈስሳል፤ ለታችኛው ወንዝም የሚለቀቅ አለ። ሁለተኛ፣ ሽንኩርትና ስንዴ አንድ ዓይነት ተራ አይፈልጉም። ስንዴ ቀን ቢያልፍበት ይታገሣል፤ ሽንኩርት አይታገሥም። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። ላይ ያለ ሰው ነገ ውሃ እንደሚመጣ ካላመነ ዛሬ ከሚበቃው በላይ ያጠጣል። ስግብግብ ስለሆነ አይደለም፤ ስለማያምን ነው። እሱ አብዝቶ ባጠጣ ቁጥር ታች ያለው ያንሰዋል፤ ታች ያለው ሲያንሰው ሌሊት ተነሥቶ ቦይ ይሰብራል፤ ቦይ ሲሰበር ላይ ያለው ይበልጥ አያምንም። ይህም ግብረ መልስ ነው፤ ግን ወደ ጥፋት የሚዞር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ሌላ ወረዳ ባለች ትንሽ የወንዝ ጠለፋ ላይ፣ ይህን ችግር በሒሳብ ልፈታ ሞከርሁ። የወንዙን ፍሰት መዝገብ ወሰድሁ፣ የማሳውን ስፋት፣ የሰብሉን ዓይነትና የገበያውን ዋጋ አስገባሁ፤ ጠቅላላ ገቢው ከፍተኛ የሚሆንበትን አከፋፈል ኮምፒውተሩ አወጣልኝ። በትልቅ ወረቀት አትሜ ይዤ ሄድሁ። ጥላ ሥር ተሰብስበው አዳመጡኝ። ስጨርስ አንድ የውሃ አባት፣ በእድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ወረቀቱን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉና «ይኼ የመጨረሻው ሰው የት አለ?» አሉ። አየሁት። የቦዩ ጫፍ ላይ ያሉት ስድስት ማሳዎች ዜሮ ተጽፎባቸዋል። ውሃው እዚያ እስኪደርስ ብዙ ስለሚባክን፣ ለድምሩ የሚበጀው ለእነሱ ጭራሽ አለመላክ ነው ብሎ ነበር ስሌቱ የደመደመው።

ስሌቱ አልተሳሳተም። የጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ። የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው። ያ ዕቅድ ቢተገበር ኖሮ ስድስት ቤተሰብ በእኔ ወረቀት ይደኸይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጠቅላላ ገቢው ከፍ አለ ብዬ ጽሑፍ አሳትም ነበር። ተመልሼ ጥያቄውን ቀየርሁት፤ «ከሁሉ ትንሹ የደረሰው ሰው የሚደርሰው ከፍ እንዲል አድርግ» አልሁት። ድምሩ ትንሽ ወረደ። የስድስቱ ማሳ ዜሮ ግን ጠፋ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውንም ዕቅድ ስንሞክረው ውሃው በስሌቱ መሠረት አልመጣም። ወራት ፈጅቶብኝ የደረስሁበት የፍሰት መዝገቡ ዘንድ ነው። ወንዙ ውስጥ የቆመችውን ባለቁጥር ሰሌዳ ጠዋትና ማታ አንብቦ የሚመዘግብ ሰው ተቀጥሮ ነበር። ደብተሩን ራሱን ሳየው ግን ብዙ ገጾች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፉ ናቸው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፤ እውነተኛ ወንዝ እንዲህ ጨዋ አይደለም። ሰውየውን አገኘሁት። አልዋሸኝም። ክፍያው ከተቋረጠ ወራት አልፎታል፤ ወንዙ ከቤቱ አንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ደብተሩን ግን በየወሩ ይጠይቁታል። እሱ ምን ያድርግ? እኔም እሱ ቦታ ብሆን ቤቴ ተቀምጬ እሞላው ነበር።

አሁን ወደ ካልማን ልመለስ። ማጣሪያው የሚለው እንዲህ ነው። በአንድ እጅህ ግምት አለህ፤ ትናንት ውሃው ይህን ያህል ነበር፣ ዝናብ አልዘነበም፣ ስለዚህ ዛሬ ይህን ያህል ይሆናል የሚል። በሌላ እጅህ ልኬት አለህ፤ ሰሌዳዋ ዛሬ የምታሳየው። ሁለቱም ትንሽ ይሳሳታሉ። ግምትህን ብቻ ከያዝህ እውነቱ እየራቀህ ይሄዳል፤ ልኬትህን ብቻ ካመንህ በእያንዳንዱ ስሕተት ትንገዳገዳለህ። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ታማኝነታቸው መጠን መዝነህ አደባልቃቸው፤ ነገም እንደዚያው አድርግ። ውበቱ የተበላሸ ልኬት እንኳ ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ እስከታወቀ ድረስ ጠቃሚ መሆኑ ነው። አይነ ደካማ ሽማግሌ ያነበበው ቁጥር ይጠቅማል። ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ጥሩ የሚመስል ቁጥር ግን ይገድላል፤ ምክንያቱም የራሳችንን ግምት መልሶ ለእኛው እየነገረን ልኬት የሆነ ያስመስለዋል። ይህን የሚያጣራ ማጣሪያ ካልማንም አልሠራም።

አንድ ሌላ የሙያ ባልደረባ ላንሳ። ኢትዮጵያዊው አበበ ገለቱ በጀርመን አገር በኢልሜናው ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በኦፕቲማይዜሽን ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ከሚያጠናቸው ነገሮች አንዱ ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ እንዴት እንወስን የሚለው ነው። በዚህ የሒሳብ ዘርፍ «ውሃ ሁልጊዜ ይደርሳችኋል» አይባልም፤ ውሸት ነውና። «ከአሥር ተራ ዘጠኙን ይደርሳችኋል» ይባላል፤ ከዚያ ዘጠኙ በእርግጥ እንዲሞላ ዕቅዱ ይሠራል። ለቆጋ ገበሬ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ያለ አይመስለኝም። ዘጠኙ በትክክል ከመጣለት አሥረኛውን ይታገሣል፤ ዛሬም አብዝቶ አያጠጣም። ግን እንዲህ ያለ ቃል ለመስጠት ያለፈው ፍሰት በእውነት ተመዝግቦ መገኘት አለበት። እዚያው ደብተር ላይ ተመለስን።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ ማሽን አይደለም። ሴንሰር፣ ሳተላይት፣ ድሮን አልጠይቅም፤ ባትሪው ሲሞት የሚቀይረው የለም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በቦዩ ራስ፣ መሐልና በተለይ ጫፍ ላይ የሚተከሉ ባለቁጥር ሰሌዳዎች። በየቀኑ ሄደው የሚያነቧቸው፣ እዚያው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች፣ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚከፈላቸው። ሦስተኛው፣ ያንን መዝገብ ይዞ የሁለተኛ ዲግሪውን በሒሳብ የሚሠራ አንድ የአካባቢያችን ልጅ፤ ወንድ ይሁን ሴት። ቁጥሩ በየሳምንቱ በገበያ ቀን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ላይ ያለው ታች ምን ያህል እንደደረሰ ያያል፤ ታች ያለውም ላይ ምን ያህል እንደተወሰደ ያያል። የጫፉ ሰሌዳ ንባብ ባለቤቶቹ የጫፉ ገበሬዎች ይሆናሉ።

ትናንት በስልክ ሦስት ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ተገቢ ናቸው። አንደኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ነው። ልክ ነው። ግን ዴስክም የመንግሥት ሥራ ነበር። ሁለተኛው «ለእምቦጭ ማስወገጃ አዋጥተን የት እንደገባ ሳናውቅ ቀርተናል» የሚል ነው። እሱ እኔንም ያናድደኛል። በዚህኛው ግን የምንከፍለው ለቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ካልመጣ ክፍያው ይቆማል፤ የአንባቢዎቹም ሥራ በአካባቢው የውሃ ተጠቃሚዎች በኩል በየጊዜው እንዲታይ እንጠይቃለን። ከተጠቃሚዎቹም ሆነ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ገና በቃል እንኳ አልተነጋገርንም፤ ዛሬ የምንወስነው ኮሚቴው ሄዶ እንዲነጋገር ነው። እነሱ አንፈልግም ካሉ ሐሳቡ ይወድቃል፤ ገንዘቡ ወደ ዴስኩ ይሄዳል። ሦስተኛው ተቃውሞ «ገበሬው አቅራቢያ ያለ ዘመዱን ሊያማና ጠብ ሊነሣ ይችላል» የሚል ነው። ይህን አላውቅም ለማለት አልችልም፤ ሊሆን ይችላል። የቮና የጄኔቫ ሰዎችም ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ዛሬ የሌለው ጠብ ግን ሌሊት በዶማ የሚደረገው አይደለም እንዴ?

ዋጋውን በተመለከተ ዝርዝሩ በወረቀቱ ላይ አለ። በአንድ አባል በወር አሥር ፍራንክ ለሁለት ዓመት ነው፤ ዙሪክ ውስጥ ሁለት ቡና ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡን ይዤ እዚሁ እቆማለሁ፤ የጫፉ ሰሌዳ ምን እንዳነበበ በአደባባይ እነግራችኋለሁ፤ ቁጥሩ መጥፎም ቢሆን።

እማማ፣ ጥያቄዎን በአንድ ዓመት ዘግይቼ ነው የመለስሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀቶቹ በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። ጥያቄ ያለው ዶሮው ሳይቀርብ ቢጠይቀኝ ይሻላል።